ለዘንባባ ሲባል ወይራ አይቆረጥም

ባለፈው ጥር ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር የግቢ ማስዋብ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም የባንክ ሠራተኛ በመሆኔ ብቻ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተመረጥሁ፤ በአገራችን ባንክ የሚሠራ ሰው ከሰንበቴ እስከ ዕድር ይህች ዕጣ አትቀርለትም። በሦስተኛው ስብሰባ ዕቅዱ ይፋ ሆነ። በምሥራቅ በኩል የቆሙት ሰባት ወይራዎችና ሁለት ዋንዛዎች ይቆረጣሉ፤ መሬቱ ይደለደላል፤ ሣር ይለብሳል፤ ግራና ቀኙ ችግኝ ሻጮች «ፓልም» የሚሉት ተክል ይሰለፍበታል፤ የእንጨቱ ዋጋ ለችግኙ መግዣ ይውላል። «ግቢው እኮ ጫካ መሰለ፤ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል» አሉ ሰብሳቢው። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ አሳየን። ረጃጅም ዘንባባዎች እንደ ክብር ዘብ ተሰልፈዋል፤ በመካከላቸው የተጠረገ መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ላይ አንዲት የወደቀች ቅጠል እንኳ አትታይም።

«የት ነው ይህ?» አልሁት።

«ሞሪሸስ የሚሉት ደሴት ነው። ቦታኒካል ጋርደን ነው» አለኝ።

ሰብሳቢውም ቀጠል አድርገው «እነሱ እንዲህ አስጊጠው ይኖራሉ፤ እኛ ማስጌጥ መች ተማርን!» አሉ።

እኔ በዚያች ቀን አንዲት ቃል አልተናገርሁም። ገንዘብ ያዥ ዝም ሲል የተስማማ ይመስላል፤ እኔም መሰልሁ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሰብሳቢው ቃል የእርሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍሁት ነበር። ነገር ግን ይህንኑ ቃል ከተማሩ ሰዎች፣ ከባሕር ማዶ ከተመለሱ ወዳጆቼ፣ ከመጻሕፍት ምረቃ መድረክ ላይ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። «ሐበሻ አበባ አይወድም»… «ሐበሻ አትክልት ቦታ አያውቅም»… አዲስ አበባ ላይ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር መሬት ላይ ሲቋቋም እንኳ «በመጨረሻ እኛም ጀመርን» ያለ አልጠፋም። ጀመርን! እነሆ ያን ዕለት ያልሰጠሁት መልስ። መልሱ ለደብሩ ሽማግሌዎች ብቻ አይደለም፤ ለእናንተም ነው፣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሆይ፤ ከሁሉም በላይ ግጥም እንጽፋለን ለምንል ለእኛ ነው። ለምን እኛን እንደሚመለከት ወደ ኋላ እደርስበታለሁ፤ የማፍርበት ነገር ስላለኝ አስቀድሜ ለመናገር አልደፈርሁም።

በመጀመሪያ ስለ ፎቶግራፉ። ያ ዘንባባ የተሰለፈበት ቦታ ፓምፕልሙስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1770 የደሴቲቱ የፈረንሳይ አስተዳዳሪ የነበረው ፒየር ፑዋቭር ገዝቶ ያስፋፋው ርስት ነው። ሰውዬው አበባ ለማሽተት አልደከመም። በዚያ ዘመን ቅርንፉድና ገውዝ የሚገኙት ሆላንዶች እንደ ግምጃ ቤት ቆልፈው ከያዟቸው ከሞሉካ ደሴቶች ነበር፤ ፑዋቭር ችግኙን በስውር አስወጥቶ እዚህ አጸደቀው። የደሴቲቱን መሬት የሚቆፍሩት ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተግዘው የመጡ ባሮች ነበሩ። ስለዚህ ወጣቱ ያሳየን «ጋርደን» ሲወለድ የንግድ መጋዘን ነበር፤ ጌጡ በኋላ የለበሰው ልብስ ነው።

በካሪቢያን ባሕር ያለችው የሴንት ቪንሰንት ደሴት የዕፅዋት ማዕከልም እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ1765 ተመሠረተች፤ በዚያ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ የእርሷን ያህል ዕድሜ ያለው የለም ይባላል። ካፒቴን ዊልያም ብላይ ከታሂቲ የዳቦ ፍሬ ችግኝ ጭኖ እ.ኤ.አ. በ1793 የደረሰው ወደዚች ቦታ ነው፤ የመጀመሪያ ጉዞው እ.ኤ.አ. በ1789 «ባውንቲ» በምትባለው መርከብ ላይ በተነሣው ዐመፅ ከሽፎበት ነበር። ስለዚያ ዐመፅ ስንት ፊልም ተሠራ፣ ስንት መጽሐፍ ተጻፈ! የዳቦ ፍሬው ለማን ተፈለገ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ለሸንኮራ እርሻ ባሮች ርካሽ ቀለብ እንዲሆን ነበር።

የእኛው ቡናስ? የጫካ አገሩ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው፤ ከዚህ ወደ የመን ተሻገረ። ሆላንዶች በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከየመን አውጥተው ጃቫ ደሴት ላይ ተከሉት። ከጃቫ እ.ኤ.አ. በ1706 አንድ ተክል ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት ማዕከል ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1714 ከዚያው ዘር አንዱ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተበረከተና ፓሪስ ውስጥ በንጉሡ የዕፅዋት ቦታ ተቀመጠ። በ1720ዎቹ መጀመሪያ ደ ክሊዮ የተባለ መኮንን አንድ ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተሻገረ፤ በመርከቧ ላይ ውኃ ሲያጥር የራሱን የመጠጥ ድርሻ ከችግኙ ጋር እየተካፈለ እንደ ተጓዘ ራሱ ጽፏል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ፈረንሳዮች ግጥም ጽፈውለታል። ከዚያች ችግኝ ወዲህ ግን ምን ሆነ? ጎረቤቷ ሳን ዶሚንግ፣ የዛሬዋ ሃይቲ፣ በ1780ዎቹ መጨረሻ የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል ታወጣ ነበር፤ ተራሮቿ ደናቸው ተመንጥሮ በቡና ተሸፈኑ፤ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ባሮች ደማቸውን አፈሰሱባት። ሊኒየስም እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን «የዐረብ ቡና» ብሎ ሰየመው። የኢትዮጵያ ጫካ በስሙ ውስጥ አልተጠራም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የፈረንጅን ኃጢአት ለመቁጠር አይደለም፤ ያ ሥራ ባለቤት አያጣም። የምለው፦ በደሴቶች ላይ የቆሙት እነዚያ ዝነኛ የአትክልት ቦታዎች የውበት ፍቅር የወለዳቸው ናቸው ብሎ ማመን ታሪኩን አለማወቅ ነው። ሌላም ነገር አለ። የሞሪሸስ የአገሬው ደን ዛሬ በጥሩ ይዞታ የቀረው ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ቀሪውን በዋናነት የሸንኮራ እርሻ በልቶታል። በዚያች ደሴት የሚገኙ የዕፅዋት ባለሙያዎች ዛሬ የሚሠሩትን ታውቃላችሁ? ከተረፈው ደን ዙሪያ አጥር እያጠሩ፣ ከውጭ የመጣውን ተክል ከሥሩ እየነቀሉ፣ የአያት የቅድመ አያታቸውን ዛፍ እንዲያቆጠቁጥ ይለምኑታል። ሞሪሸሶች አጥረው የሚጠብቁትን ዓይነት ደን እኛ ሞሪሸስን ለመምሰል ልንቆርጥ ተሰብስበናል።

የጌጥ ተክል አጥር ጥሶ የወጣ ዕለት የሚሆነውም ታይቷል። የደሴት ታሪክ በዚህ የተሞላ ነው። የወፍ ቆሎ የምንለው ቁጥቋጦ እ.ኤ.አ. በ1826 ወደ ሲሎን ደሴት የገባው በንጉሣዊው የዕፅዋት ማዕከል በኩል ነው፤ አበባው ቀይና ብጫ ስለሆነ ተወደደ፤ ወፍ ዘሩን በላ፣ ደኑን ወረሰ። ታሂቲ ላይ እ.ኤ.አ. በ1937 ሃሪሰን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ሚኮኒያ የምትባል ዛፍ በአትክልት ቦታው ተከለ፤ ቅጠሏ እንደ ሰፌድ ሰፊ፣ ጀርባዋ ሐምራዊ፣ ለዓይን የምትማርክ ናት። ዛሬ የደሴቲቱን ሁለት ሦስተኛ ይዛለች፤ ከጥላዋ ሥር የአገሩ ተክል አይበቅልም። እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ ጃቫ ላይ፣ በቦጎር የዕፅዋት ማዕከል፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣች አንዲት የውኃ አበባ ለኩሬ ጌጥ ተቀመጠች። ከኩሬው ወጥታ ወንዙን ያዘች። ግብፆችም በዚያው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ለመናፈሻቸው አስመጧት።

ይህችን አበባ ታውቋታላችሁ። እምቦጭ ናት።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየች፤ ጣና ላይ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በሚመቻት ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ትሆናለች፤ ዘሯም ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ተቀብሮ ይቆያል። አሁን የማፍርበትን ልናገር።

ከጉና ተራራ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውኃ ርብና ጉማራ ሆኖ ፎገራን አቋርጦ ጣና ይገባል። የእኛ የታች ጋይንት ውኃ ግን ወደ በሽሎ ቁልቁል ወርዶ፣ ጣናን ሳያይ፣ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ እኔ ከጣና ጋር የተዋወቅሁት ባሕር ዳር ስማር ነው። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. የፎገራ ልጅ የሆነ የክፍል ጓደኛዬ ለእረፍት ወደ ቤታቸው ይዞኝ ሄደ። በማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። እስከ ዓይኔ መዳረሻ ድረስ ሐምራዊ አበባ ውኃውን ሸፍኖታል፤ ጠዋት ስለነበር ጤዛው ያበራል። እኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ባለቅኔ ነኝ ብዬ አምናለሁ። እዚያው ቆሜ በደብተሬ ጫር ጫር አደረግሁ፦

ሐምራዊ ቀሚስሽ ውኃው ላይ ቢረጋ፣
ልቤ ታንኳ ሆኖ ወደ አንቺ ተጠጋ።

ማታ እራት ላይ ለቤተ ሰቡ አነበብሁት። የጓደኛዬ አባት ጎርሰው ሲያበቁ፣ እጃቸውን እየታጠቡ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ልብህስ ታንኳ ሆኖ ተጠጋ። የእኛ ታንኳ ግን ይኸው ከመስከረም ጀምሮ አበባው ውስጥ ታስራ መውጫ አጥታለች። ዓሣ የለም። ከብቱም ውኃ ሊጠጣ ገብቶ ይሰምጣል። በል እስኪ እሱንም ጨምርበት።»

አልጨመርሁበትም። እንዲያውም ግጥሟን በሚቀጥለው ሳምንት በግቢያችን የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ እንዳለች አነበብኋት፤ ተጨበጨበልኝ። ይህን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ ያ ጭብጨባ ትዝ ባለኝ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። መልካም ሰው ቤት በልቼ ጠጥቼ፣ የቤቱን ጥፋት በዓይኔ አይቼ፣ ስለ ቀሚስ ጻፍሁ። ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም ያን አበባ ለኩሬው ጌጥ ብሎ ያሻገረው ሰው ሁሉ ያደረገው ይህንኑ ነው፦ መልኳን አይቶ ሥሯን አልጠየቀም።

እንግዲህ ወደ እኛ ደሴቶች እንምጣ። ጣና 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፤ ከእነርሱም ወደ ሃያ በሚጠጉት ላይ ገዳምና ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ዳጋ እስጢፋኖስን ለማየት የሚሄድ ሰው ስለ ዘርዐ ያዕቆብና ስለ ፋሲለደስ አጽም ይጠይቃል፤ ወደ መቅደሱ ሲወጣ ያለፈበትን ደን ግን «ጥላ» ብሎ ብቻ ይተወዋል። (እናቴ ይህን ደን ልታየው አትችልም፤ ዳጋም ክብራንም ሴት አያስገቡም። ይህን ሥርዐት ለመሟገት አልተነሣሁም፤ አለመንገሬ ግን ትክክል አይሆንም።) ባሕረ ገብ ወደሆነችው ዘጌ ብትሻገሩ ደግሞ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ የሚለውን ትውፊት ትሰማላችሁ። ከትውፊቱ ጋር ሕግ ነበረ፦ በዘጌ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ ከብት ማርባትም ክልክል ነው። ገበሬው የሚኖረው ከዛፍ ሥር በሚያድገው ቡናና ጌሾ ነው። ዛፉ ከወደቀ ቡናው ይወድቃል።

ይህን ከማርቲኒክና ከሳን ዶሚንግ ጋር አስተያዩት። ተክሉ አንድ ነው፤ ቡና። በአንደኛው ስፍራ ደን ተመንጥሮ ተተከለ፣ በሌላው ከደን ሥር ተተከለ። እጃችን ከእነርሱ የነጻ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም፤ በዘጌ ቡና ላይ የባሮች ጉልበት እንደ ነበረ፣ ካህናቱም ባሪያ አሳዳሪዎች እንደ ነበሩ የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 ያለውን ዘመን መርምረው ጽፈዋል። ይህን የማያነሣ የዘጌ ወዳጅ ሐሰተኛ ወዳጅ ነው። ልዩነቱ ያለው ከዚያ ሁሉ በደል በኋላ ቆሞ የቀረው ነገር ላይ ነው። በዘጌ ደኑ ቀረ።

ታዲያ «ይህ እኮ አትክልት ቦታ አይደለም፤ ማንም ለእውቀት ብሎ አልተከለውም፤ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም» የሚል ይመጣል። ልክ ነው፣ ሰሌዳ የለውም። እስኪ ስለ ቁጥር ልንገራችሁ። «እመጓ»ን ያነበበ ሁሉ ደራሲውን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ያውቃል፤ ሰውዬው የደን ምሁር መሆናቸውን ግን ብዙ አንባቢ ልብ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ስለ እኛው ስለ ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው። በ28 አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥረዋል። ሃያ ስምንት ግቢ፣ ያውም እያንዳንዱ ከተራቆተ ማሳ መካከል እንደ ደሴት ብቻውን የቆመ! ከደብረ ታቦር መንገድ ላይ ሆናችሁ ዙሪያውን ብታዩ ማሳው ባሕር ነው፤ ደብሮቹ ደሴቶች ናቸው። ጣና ላይ ያሉት በውኃ ተከበዋል፤ እኛ ዘንድ ያሉት በጤፍና በስንዴ።

ከዚያው ምሁር ሥራ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ሊያውቁት የሚገባ ይህ ነው። የእነዚህ ደኖች አብዛኞቹ ዛፎች ዘራቸውን አፈር ውስጥ አያከማቹም። እምቦጭ ለሃያ ዓመት የምትደብቀውን ዘር ዛፎቻችን ለጥቂት ጊዜ እንኳ አያስቀምጡትም። እናቲቱ ዛፍ ከወደቀች ከአፈሩ ውስጥ የምትነሣ ልጅ የለችም። ስለዚህ «ዛሬ እንቁረጠው፣ ካልሆነም ነገ ይበቅላል» የሚል ሰው ነገ ምን እንደሚበቅል አላሰበም። የሚበቅለው ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍን ስጠራ ቅር የሚለው ይኖራል፤ እኔም በባሕር ዛፍ ሽያጭ ትምህርቴን የጨረስሁ ሰው ነኝና ውለታዋን አልክድም። ስሟ ግን ታሪኳን ይናገራል፦ ከባሕር ማዶ የመጣች ዛፍ። ነጭ ባሕር ዛፍ የምንላትን ፈረንሳዮች ለሳይንስ የሰበሰቧት ከታዝማኒያ ደሴት ነው፤ ወደ እኛ የገባችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ማገዶ ሆነች፣ ማገር ሆነች፣ ገንዘብ ሆነች። አሁን ግን ከማሳው አልፋ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ገብታለች፤ በየደብሩ የወይራና የጥድ ቦታ እየተመነጠረ «ለደብሩ ገቢ» ተብሎ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ስለዚህ ደኑን ቤተ ክርስቲያን ጠበቀችው ብሎ በቃ ማለት አይቻልም፤ ጠባቂውም ይሸጣል። እኔ ገንዘብ ያዥ የሆንሁበት ኮሚቴ ምስክር ነው።

አሁን ወደ እኛ፣ ወደ ጸሐፊዎቹ። በአማርኛ ግጥም ውስጥ የአበባ ችግር የለም። ጽጌረዳ ሞልቷል። ያላየነውን ጽጌረዳ፣ ያልተከልነውን፣ እሾሁ ያልወጋንን ጽጌረዳ ለስንት ፍቅረኛ ሰጠን! አደይ አበባም አለች፤ እርሷንስ በመስከረም ሁሉም ያያታል። ነገር ግን አስተውሉ፦ በዘፈናችንም በግጥማችንም ከሁሉ የበለጠ የተወደሰችው ይህች አበባ ማንም ያልተከላት፣ ከማሳ ዳርና ከድንበር ላይ ራሷ የምትበቅል ናት። ቤተ ክርስቲያናችንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ብላ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌተ ጽጌ የምታነጋው የአትክልት ቦታ ሠርታ አይደለም። «ሐበሻ አበባ አይወድም» የሚል ሰው በጥቅምት ሌሊት ጋይንት ቤተልሔም መጥቶ ይቁም፤ የድጓ ሊቃውንት የሚመሰክሩበትን ደብር ማኅሌት ሰምቶ ይፍረድ።

ችግራችን የስም ነው። የዛሬ ገጣሚ ስንት የዛፍ ስም ያውቃል? ራሴን ፈተንሁ፦ ወይራ፣ ጥድ፣ ዋርካ፣ ዋንዛ፣ ግራር፣ ሾላ፣ ኮሶ፣ ብሳና፣ ዝግባ… ከዚያ በኋላ ተንተባተብሁ። አያቴ ከደብሩ በር እስከ ቤታችን ባለው መንገድ ላይ ብቻ ከዚህ እጥፍ ትቆጥር ነበር፤ የቱ ለወተት ዕቃ ማጠኛ፣ የቱ ለጥርስ መፋቂያ፣ የቱ ለልብስ ማጠቢያ እንደሆነ እየለየች። በግጥም ውስጥ «ዛፉ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ዛፍ በስብሰባ ላይም «ዛፉ» ብቻ ነው፤ «ዛፉ ይቆረጥ» ማለት ቀላል ነው። «ይህ ወይራ ይቆረጥ» ሲባል ግን ቢያንስ አንድ ሽማግሌ ቀና ይላል።

ስም ያላወቅንለትን ሌላው ሰው ይሰይመዋል። ዋጊኖስ የሚባለውን ቁጥቋጦ የአገራችን ሰው ለተቅማጥ ሲጠቀምበት የኖረ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መባቻ ወደ ጎንደር መጥቶ ራሱ ታከመበት፤ ዛሬ የዓለም ሳይንስ የሚጠራው በብሩስ ስም ነው። በአንጻሩ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። አጥር ላይ የሚንጠላጠለው እንዶድ ነው! የማስዋብ ኮሚቴ ቢያገኘው መጀመሪያ የሚነቅለው እርሱን ነው።

ዘንባባን ጠልቼ አይደለም። በሆሣዕና ግንባራችን ላይ የምናስረው ዘንባባ ከአገራችን ሸለቆዎች የሚበቅል የራሳችን ተክል ነው፤ ሰሌኑም ከእርሱ ይሠራል። ኮሚቴው ይህን ልትከል ቢል ኖሮ ጉድጓዱን እኔ በቆፈርሁ። የተጠየቅሁት ግን ከሻጭ ድስት ውስጥ የመጣ፣ ስሙን የማናውቀው፣ አገሩን ያልጠየቅነው ተክል እንዲሰለፍ ቄስና ተማሪ የተጠለሉባቸውን ወይራዎች እንድቆርጥ ነው። በእነዚያ ወይራዎች ሥር ነው የቆሎ ተማሪ ድጓውን የሚቀጽለው። በሣር ላይ የተሰለፈ «ፓልም» ለአንድ ተማሪ እንኳ ጥላ አይሆንም።

ባለፈው ማክሰኞ ሰብሳቢው ወደ ባንክ መጡ። የሂሳቡ ፈራሚዎች ሦስት ነን፤ የገንዘብ ማውጫው ቅጽ ላይ ሁለት ፊርማ ነበረበት። እኔ ራሴ ፈራሚ ስለሆንሁ ያስተናገዳቸው ሌላ ባልደረባዬ ነው፤ ቅጹን ግን ወደ እኔ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ያንተ ብቻ ቀርቷል» አሉኝ። «ለቆራጮቹ ቀብድ መስጠት አለብን።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኋቸው። «እነዚያን ወይራዎች ማን ነው የተከላቸው?»

ትንሽ ዝም አሉ። «እኔ ስወለድ ነበሩ። አባቴም ስወለድ ነበሩ ይል ነበር» አሉ፤ ቀጥለውም «ምነው?» አሉኝ።

«እንዲያው ነው» አልሁ። ሰው ተሰልፎ ነበርና ከዚያ በላይ ለመናገር አልተመቸኝም። ቅጹን ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁት።

የሚቀጥለው ስብሰባ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ከግቢው በስተ ምዕራብ ባሕር ዛፍ የተቆረጠበት ባዶ ቦታ አለ፤ ለእርሱ የሚሆን የኮሶ፣ የዝግባና የአገራችንን ዘንባባ ችግኝ ዋጋ ጠይቄ በወረቀት ይዣለሁ። ከ«ፓልም»ኑ በጣም ይረክሳል። እርሱን አነብላቸዋለሁ። ካልተስማሙም ሦስተኛ ፈራሚ ሌላ ይምረጡ፤ የእኔ ፊርማ ግን በዚያ ቅጽ ላይ አይገኝም።